ሊንደን ልጁን ቤት ያስተማረበት የፖም ወቅት

ሐሙስ ጠዋት በሸለቋችን የማኅበረሰብ አዳራሽ በር ላይ ትከሻው የሰፋ፣ ወገቡን በአንድ እጁ ደግፎ የሚቆም ሰው ታገኛላችሁ። ስሙ ሊንደን ሃስኬት ነው። በዚያ አዳራሽ የምንሰበሰበው ልጆቻችንን ቤታችን የምናስተምር ወላጆች ነን። ልጆቻችን የጠገቧቸውን መጻሕፍት፣ ካርታዎች፣ የሚገጣጠሙ ሥዕሎችና አጉሊ መነጽሮች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እንዘረግፋለን፤ የፈለገ ያነሳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ዋጋ የሚባል ነገር አይነሳም። አዲስ የመጣች እናት ክንዷ እስኪዝል ታቅፋ ልትወጣ ስትል ሊንደን በሩ ላይ ይቀበላታል።

“አንዱን ምረጪና ውሰጂ። ሌላውን እኔ እጠብቅልሻለሁ።”

“በነፃ አይደለም እንዴ?”

“በነፃ ነው። ችግሩም እሱ ነው።”

እሷ ግራ ተጋብታ ትስቃለች፤ እኛ ደግሞ የእሱን ታሪክ ስለምናውቅ እንስቃለን።

ሊንደን የባሕር ሰው ነበር። አባቱም አያቱም ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ወንዛችን እየሰፋ ሄዶ ከባሕሩ ጋር በሚተቃቀፍበት ቦታ፣ ጉሙ ገና ከውኃው ላይ ሳይነሳ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የእሱ ጀልባ ሞተር ነበር። ወጥመዱን ሲጎትት ያንጎራጉራል። ዘፈኑ ከአያቴ የወረደ ነው ይላል፤ ግማሹን ግን ራሱ እየጨመረበት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ነፋስ ሆይ ዝግ በል፣ ባሕር ሆይ ተኚ፣
ልጄ እስክትሻገር ማዕበል አትሁኚ፤
ሸራዬ ቀዳዳ፣ መቅዘፊያዬ ቀጭን፣
ከፍቅር በስተቀር ሌላ የለኝ የምጭን።

እንዲህ እያለ ሲኖር አንድ ክረምት ከባድ ወጥመድ ሲያነሳ ወገቡ ተቀጨ። ሐኪሞቹ ባሕሩን እርሳው አሉት። ጀልባዋን ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶ፣ ደወሏን ብቻ ነቅሎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሮዊና ከወንዙ ማዶ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች፤ ሽማግሌዎቹን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ፀጉራቸውን ታበጥራለች። እሷ ማለዳ ስትወጣ እሱ መስኮቱ ላይ ቀርቶ የሌላ ሰው ጀልባዎች ሲያልፉ ያያል። እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ሰውን ከውስጥ ይበላል።

በዚያው ዓመት የልጃቸው የብራዮኒ ነገር መጣ።

ብራዮኒ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ፀጉሯ እንደ ደረቀ ገለባ ቢጫ፣ ዓይኗ ሁልጊዜ መሬት ላይ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው የሚፈልግ። ማንበብ ይከብዳታል። ፊደሎቹ ገጹ ላይ አርፈው አይቀመጡልኝም ትላለች። ክፍል ውስጥ ልጆቹ እየተቀባበሉ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ብራዮኒ ታዲያ ዘዴ ነበራት፦ የእሷ ተራ የትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እንደሚያርፍ ከሩቁ ታሰላና እሱን ብቻ በልቧ ደጋግማ ታጠናለች። አንድ ቀን ከፊቷ የተቀመጠችው ልጅ ለሽንት ወጣች። ተራው ተዛባ። ብራዮኒ ተነስታ ያጠናችውን ዐረፍተ ነገር ጥርት አድርጋ አነበበች፤ መጽሐፉ ላይ ግን የሚቀጥለው ያ አልነበረም። መምህርቷ ደግ ሴት ነበረች፣ ቶሎ ብላ አለፈችው። ልጆቹ ግን ልጆች ናቸው፣ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ብራዮኒ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች፤ መጽሐፍ የሚባል ነገር ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

“እኔ ቤት አለሁ አይደል፤ እኔ ላስተምራት፣” አለ ሊንደን አንድ ምሽት።

ሮዊና የሥራ ጫማዋን እየፈታች ቀና አለች። “አንተ?”

“እኔ።”

“እናትህ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ሊንደን ትምህርት ቤት የሄደው ዝናብ በዘነበ ቀን ብቻ ነው።”

“እዚህ አገር ዝናብ መች አቋርጦ ያውቃል።”

እሷ ሳትወድ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ።

“ሊንደን፣ ወንድሜን ታውቀዋለህ። ምግብ ቤት ስንገባ የምግቡን ዝርዝር ገልብጦ ያስቀምጥና ‘አንቺ የምትበዪውን እበላለሁ’ ይላል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ‘ይደርስበታል፣ አታስጨንቁት’ ተባለ። ይኸው አርባ ዓመቱ ነው። እስከዛሬ እኔ የምበላውን ነው የሚበላው።” ጫማውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። “ልጄ እንዲህ እንድትሆን አልፈልግም።”

ስለዚህ ተስማሙ። የሸለቋችን ፖም ለቀማ እስኪያልቅ ልጅቷ ቤት ትማራለች። እስከዚያ በራሷ ፈቃድ፣ ማንም ሳያስገድዳት መጽሐፍ ገልጣ ካነበበች እቤት ትቀራለች። ካላነበበች ትምህርት ቤት ትመለሳለች። ሊንደን እጁን ዘረጋ፣ ሮዊናም ጨበጠችው፤ እንደ ባልና ሚስት ሳይሆን እንደ ሁለት ነጋዴ።

በማግስቱ ሊንደን የጀልባዋን ደወል በረንዳው ላይ ሰቀለ። ጠዋት ደወለ። ብራዮኒ በሌሊት ልብሷ፣ ቅቤና ቬጂማይት የሚባለው ጨዋማ ጥቁር ማባያ የተቀባ ዳቦ በእጇ ይዛ ወጣች።

“ትምህርት ተጀምሯል፤ ግቢ፣” አላት።

“እኔኮ ቤት ውስጥ ነኝ።”

“ወደ ክፍል ግቢ ማለቴ ነው።” ክፍል ያለው ወጥ ቤቱን ነው። “ደግሞ እጅሽን ሳታወጪ እንዳትናገሪ።”

ልጅቷ ግራ ቀኟን አየች። “ሌላ ማን አለ አባ?”

ይህን ስህተት እኛ ያልሠራን የለንም። ልጃችንን ከትምህርት ቤት እናወጣና በማግስቱ ትምህርት ቤቱን ቤታችን እናስገባዋለን፤ ሰሌዳውን፣ ደወሉን፣ የሽንት ቤት ፈቃዱን ሳይቀር። ሊንደን ግን ከሁላችንም ባሰ፣ ምክንያቱም ቀኑ እያለቀበት ነበር። ፖሙ ቀልቷል፤ ለቃሚዎቹ መሰላላቸውን አቁመዋል። ቅርጫት በሞላ ቁጥር የልጁ ጊዜ የተቀነሰ ይመስለዋል።

ያኔ ነው የነፃ ነገር ትኩሳት የያዘው። መጀመሪያ በኢንተርኔት ነፃ የትምህርት ገጾች አገኘ፤ የእሳተ ገሞራ፣ የንብ አካል፣ የማባዛት ሰንጠረዥ፣ የግብፅ ነገሥታት። አታሚው ቀለም እስኪጨርስ አተመ። ቀጥሎ ሐሙስ ወደ አዳራሹ መጣና ጠረጴዛው ላይ ያለውን በፒክአፑ ጫነ። አንድ ክንዱ የጎደለ የፕላስቲክ አጽም ወሰደ። አህጉሮቿ የደበዘዙ ሉል ወሰደ። ማይክሮስኮፕ፣ አባከስ፣ ዋሽንት፣ ሦስት ዓይነት የንባብ መማሪያ፣ እኛ ራሳችን እርስ በርስ ስንገፋፋው የኖርነውን የላቲን ሰዋስው ሳይቀር ተሸከመ።

“ላቲን ለምኑ ነው?” አለችው አንዷ።

“ድንገት ብትፈልገውስ?”

“እንግሊዝኛውን ሸሽታ ላቲን ልታነብልህ ነው?”

ሳቁ አዳራሹን ሞላው፤ እሱም ሳቀ፣ መጽሐፉን ግን ወደ ጠረጴዛው አልመለሰውም። ሮዊና ከሥራ ስትመጣ ሶፋው ላይ አጽሙ ተቀምጧል፤ ወንበሩ ላይ ሉሏ፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር። ቆማ ለረጅም ጊዜ አየች።

“እኔስ የት ልቀመጥ?”

“አጽሙን ገፋ አድርጊው።”

“ሊንደን፣ እዚህ ቤት ውስጥ ከኛ በቀር ሁሉ ነገር አለ።”

ብራዮኒ ክምሩ ሥር፣ ጠረጴዛው እግር አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ከላይዋ የሚያድገውን ወረቀት እንደሚናድ ገደል ነበር የምታየው። በዚያ ሳምንት የሆድ ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ሊንደን ትኩስ የውኃ ከረጢት ሆዷ ላይ ሲያደርግላት ዓይኗን ጨፍና፣ “አባ፣ እዚህም ትምህርት ቤት ሆነ፣” አለችው። እሱ ወደ በረንዳው ወጥቶ ደወሉን ፈታውና ጎተራ ውስጥ ወረወረው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አዳራሹ የመጣው ባዶ እጁን ነበር። ግዌንዳ አየችው። ግዌንዳ ስድስት ልጆች ቤቷ አስተምራ ያሳደገች፣ አሁን የልጅ ልጇን ጁኖን በጀርባዋ የምታዝል፣ ፀጉሯ የነጣ ትልቅ ሴት ናት። ሁላችንም ስንጨነቅ የምንሄደው እሷ ጋር ነው። ስኮን የሚባል ትንሽ ዳቦ ጃም ቀብታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና አጠገቧ አስቀመጠችው።

“ልጅህ ከትምህርት ቤት ከወጣች ስንት ጊዜዋ ነው?”

“ይኸው ፖሙ መለቀም ከጀመረ ወዲህ።”

“ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ዝም ብለሃት ታውቃለህ?”

ሊንደን ስኮኑን ገመጠ።

“ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ገና ጀርባው ላይ ሸክም አለ። መጀመሪያ ማራገፍ ነው። አንተ ግን ሳታራግፍ ሌላ ትጭናለህ። ደግሞም ሁሉም በነፃ ስለሆነ አይከብድም ብለህ።”

“ጊዜ የለኝም ግዌንዳ። ሮዊና ቃል አስገብታኛለች።”

“ሮዊናም እውነቷን ነው፤ ፍርሃቷን አልንቅም።” ጁኖ የጆሮ ጌጧን ስትጎትት እጇን ይዛ አወረደቻት። “ግን ልጅቷ መጽሐፍ አይደለም የምትፈራው። መታየቱን ነው። ስታነብ የሚያዩዋትን ዓይኖች። አንተ ደግሞ ሌላ ዓይን ሆንክባት።”

ከዚያ እኛ ‘ጣል ማድረግ’ የምንለውን ነገር ነገረችው። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ልጁ በሚያልፍበት ቦታ ጣል አድርገህ መሄድ ነው። አትናገርም፣ አትጠይቅም፣ ዘወር ብለህ አታይም። ካነሳው አነሳው፤ ካላነሳው ሌላ ቀን።

ሊንደን ቤቱ ሄዶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትእዛዞች አከበረ። ሦስተኛው አቃተው። መጽሐፍ የልጅቷ ቦት ጫማ ላይ ጣል ያደርግና ከእንጨቱ ክምር ኋላ ተሸሽጎ ያያል። ዳቦ ማስቀመጫው ላይ ጣል ያደርግና በማንቆርቆሪያው ላይ ምስሏን ያያል።

“አባ፣” አለችው አንድ ጠዋት፣ “መጽሐፍህን ጫማዬ ላይ ረስተኸዋል።”

“አይ፣ እኔ… አዎ። ረሳሁት።”

“ትናንት ደግሞ ሽንት ቤት ረስተኸው ነበር።” ከዚያ ወደ እንጨቱ ክምር አየች። “እዚያ ኋላ ደግሞ ሸረሪት አለ። መርዛም ነው።”

ሊንደን ያን ቀን ተሸነፈ። ተሸንፎም ቀለለው። አጽሙን፣ ሉሏን፣ ላቲኑን፣ ሁሉንም ፒክአፑ ላይ ጭኖ አዳራሹ መለሰ። እኛ ያልተናገርነው ነገር የለም፤ አንዷ እንዲያውም አጽሙን አቅፋ “እንዴት ከስተህ መጣህ፣” አለችው። ሊንደን ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀጭን የከዋክብት ካርታ ብቻ አንስቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት፣ እሱ አሁንም ሲያወራቸው ድምፁ ይቀጥናል፣ በሕይወቱ ያየው ጥሩ ጊዜ ነበሩ። ባሕሩ ሲሸሽ አብረው ጭቃው ላይ ይወርዳሉ፤ ብራዮኒ የሸርጣን ጉድጓድ ዙሪያ በዱላ ክብ ታሰምራለች። ባሕሩ መቼ እንደሚመለስ ልጅቷ ቀድማ መናገር ጀመረች። ጎረቤታቸው የንብ ቀፎውን ሲከፍት ትልቅ ቆብ አጥልቃ አጠገቡ ቆመች። ዳቦ ሲጋግሩ ሊጡን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ቆረጡት። የቤተ መጻሕፍቱ አውቶቡስ ከባሕር ዛፉ ሥር በሚቆምበት ቀን ሊንደን ለራሱ መጽሐፍ ይዋሳል፤ እሷ ውጭ ቆማ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ትልጣለች። ነይ ግቢ አይላትም።

ከሰዓት በኋላ እንጨት ምድጃው አጠገብ ያነብላታል። ሊንደን ራሱ አንባቢ አይደለም። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየጎተተ፣ ቃል ሲያዳልጠው ተመልሶ እየወጣ ነው የሚያነበው። ብራዮኒ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላ እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቅላ ታዳምጣለች።

“አባ፣ ተሳሳትክ።”

“አዎ።”

“እና?”

“እና እቀጥላለሁ።”

ልጅቷ እግሯን ከግድግዳው አውርዳ ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ፣ “ቀጥል፣” አለችው።

እሷ ግን አላነበበችም። አንዲት ቃል እንኳ። ፖሙ ከዛፉ ላይ እየሳሳ፣ ቅጠሉ እየቀላ፣ ኮረብታዎቹ ላይ የመጀመሪያው ውርጭ እየጣለ ሄደ። ሮዊና ልጇ እየሳቀች መሆኑን አይታለች፤ ሆዷን መያዝ እንደተወች አይታለች። ማታ ማታ ብራዮኒ ስለ ንቦች ስታወራላት ደስታዋ ፊቷ ላይ ይበራል። ቢሆንም ወንድሟ ከዓይኗ አይጠፋም። ለቃሚዎቹ መሰላላቸውን ማጋደም ሲጀምሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ስልክ ደወለች። ሰኞ ትምጣ አሏት። ለሊንደን ሐሙስ ከአዳራሹ ልትወስዳቸው ስትመጣ ልትነግረው አሰበች፤ በሰው ፊት ስለማይከራከር። ይህንን በኋላ ራሷ ናት የነገረችን፣ እያፈረች።

ያ ሐሙስ ዝናባማ ነበር። የአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ውኃው ሲወርድ ሰው ለሰው ለመሰማማት መጮህ ነበረበት። ልጆቹ በየጥጉ ተበትነዋል፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ ከስድስት ዓመቱ ጋር ዶሚኖ ትጫወታለች። እኛ ጋ ልጅ በዕድሜ አይሰለፍም። ብራዮኒ መጋረጃው አጠገብ አሮጌው ሶፋ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ጁኖ፣ የግዌንዳ የልጅ ልጅ፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላት፣ ከጠረጴዛው ላይ አንድ መጽሐፍ ጎትታ መጣችና ሳትጠይቅ ጭኗ ላይ ወጣች። መጽሐፉ ቦት ጫማዋ ስለጠፋባት ዳክዬ ነው።

“አንብቢልኝ።”

ብራዮኒ ዙሪያዋን አየች። “ማንበብ አልችልም።”

“እኔም አልችልም፣” አለች ጁኖ፣ ነገሩ አንድ ላይ የሚያደርጋቸው እንጂ የሚለያያቸው እንዳልሆነ በሚናገር ድምፅ። “አንብቢልኝ።”

ሊንደን ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ነበር። ቃሉን ሰምቶ አንገቱ ሊዞር ሲል ግዌንዳ ክርኑን ያዘችው። እጁ ውስጥ የነበረውን ኩባያ መልሳ ውኃው ውስጥ ጨመረችለት። እኛም አየን። ማንም ማንንም ሳይጠራ፣ ዞር ዞር አልን። አንዷ የታጠፈውን ጨርቅ ፈትታ እንደገና አጠፈች። ሌላዋ ንጹሑን ጠረጴዛ ወለወለች። ወለሉን የሚጠርግ ጠረገ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረ አዋቂ ሁሉ ለአንዲት ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ በጆሮው ብቻ ቆመ።

መጀመሪያ ዝናቡ ብቻ ነበር። ቀጥሎ፣ ከቆርቆሮው ጩኸት ሥር፣ አንድ ቀጭን ድምፅ።

“ዳክ… ዳክዬዋ… ጠዋት… ተነሳች።”

“ከዚያስ?” አለች ጁኖ።

“ቆይ። ጫማ… ጫማዋን ፈለገች። አልጋ… ሥር… የለም።”

“የት ሄደ?”

“እሱን ነው የማነበው፣ ዝም በይ።”

ሊንደን አንዱን ኩባያ ያጥባል፤ ያጠበውን መልሶ ያጥባል። ያኔ በሩ ተከፈተና ሮዊና ገባች፤ ካፖርቷ ዝናቡን ያንጠባጥባል፤ ፊቷ የሚናገረው ነገር ይዞ እንደመጣ ሰው የጠነከረ። ባሏን ለመጥራት አፏን ከፈተች። ግዌንዳ ሳትዞር የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ዘረጋችላት።

“እንኪ፣ ሳህን አድርቂ።”

“ግዌንዳ፣ እኔ የመጣሁት…”

“አድርቂ የኔ ልጅ።”

ሮዊና ግራ ገብቷት ጨርቁን ተቀብላ ባሏ አጠገብ ቆመች። ያኔ ሰማች። ኋላዋ የሚሰማው ድምፅ አንድ ቃል ላይ ቆመ፤ ተንገዳገደ፤ ተመለሰ፤ ገፋ። ስህተት አለው። አንድ ቃል ሙሉ በሙሉ ሌላ ቃል ሆነ። “ተሳሳትኩ፣” አለ ድምፁ ለራሱ፣ ረጋ ብሎ፣ ከዚያ ቀጠለ። ሮዊና ሳህኑን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ዓይኗን ወደ ሊንደን አዞረች፤ የሱም ዓይን ውኃ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ እንደ ተቀጡ ተማሪዎች ቆሙ።

ዳክዬዋ ጫማዋን አገኘች። መጽሐፉ አለቀ።

“እንደገና፣” አለች ጁኖ።

“አሁንኮ አነበብኩልሽ።”

“እንደገና።”

ብራዮኒ ተነፈሰች፤ ትልቅ ሰው ሲሰለቸው እንደሚተነፍሰው፣ ግን ደስታውን ሊደብቅ እንደሚሞክር። ገጹም ሲገለበጥ ተሰማ። በሁለተኛው ዙር ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ። በሦስተኛው ዳክዬዋ የራሷ ድምፅ ተሰጣት። ዝናቡ ሲያባራ እንኳ ማንም አልዞረም፤ እኔ ራሴ አንድ ማንኪያ እስኪሞቅ ወልውያለሁ።

ሊሄዱ ሲሉ ጁኖ የብራዮኒን እጅ ይዛ ወደ ጠረጴዛው ጎተተቻት፤ ከዚያች የዳክዬ መጽሐፍ የወፈረ፣ ሥዕሉ ያነሰ፣ ስለ አንዲት የባሕር አሞራ የሚተርክ መጽሐፍ አነሳችና ደረቷ ላይ ለጠፈችባት። “ለሚቀጥለው፣” አለቻት። ብራዮኒ መጽሐፉን ጃኬቷ ውስጥ ሸጎጠችው፤ ዝናብ እንዳይነካው።

ሦስቱም ፒክአፑ የፊት ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ልጅቷ መሐል። ሊንደን ቁልፉን አስገባ፤ ግን አላዞረውም። ሮዊና ልትናገር እንዳለች ከአተነፋፈሷ አውቆ ነበር፤ የምትናገረውንም ገምቶ ነበር። ፖሙ ማለቁን እሱም በመስኮቱ ያያል። ግን ፖሙ ሲያልቅ የሚሆነውን ልጅቷም ታውቅ ነበርና ቀድማ የተናገረችው ብራዮኒ ናት።

“እማ፣ ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ቤት አለ?”

“አለ የኔ ማር።”

“እንግዲያው ሐሙስ መሄድ አልችልም። ጁኖ ትጠብቀኛለች።”

ሮዊና ወደ ፊት ተመለከተች። መስታወቱ ከሦስቱ ትንፋሽ ጉም ለብሷል።

“ሌሎቹ ቀኖችስ?”

ብራዮኒ አሰበች። ጃኬቷን ከፈት አድርጋ የመጽሐፉን ውፍረት በጣቷ ለካች።

“በሌሎቹ ቀኖች መለማመድ አለብኝ። ይኸ ረጅም ነው። መሐል ላይ ከባድ ከባድ ቃል አለው፤ አይቼዋለሁ።”

“መቼ አየሽው?” አለ ሊንደን፣ ድምፁን አረጋግቶ።

“ቅድም። ማንም ሳያየኝ።”

ሮዊና በመዳፏ መስታወቱን ጠረገች፤ ቀጥሎ በዚያው እርጥብ እጇ የልጇን ግንባር። የወንድሟን ስም በልቧ ጠርታው ሊሆን ይችላል፤ አላወቅንም። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

“ረጅም ከሆነማ ጊዜ ይፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ጋ ደውዬ ቀርታለች እላቸዋለሁ።”

ሊንደን ሞተሩን ያስነሳው ከዚያ በኋላ ነው።